ስለ ቀጫጭኖቹ መቀሶች ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ነኝ። ወጣትነቴን በምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ ላይ፣ የቀረውን ዕድሜዬን የሆስፒታል መሣሪያ በመጠገን አሳልፌያለሁ። ሆድ ሳይቀደድ በጠባብ ቀዳዳ ገብተው ስለሚቆርጡ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ለመጡት ጥያቄዎች መልሴ ይኸው። አንቱታውን ተዉት፤ ድሬ ላይ «አንተ» ስድብ አይደለም።

ልብስ ሰፊ፣ ሐረር መኪና ግርግር፦ ጋሼ፣ ያ ትንሽ መቀስ ከእኔ መቀስ በምን ይለያል?

ከምታስበው ያነሰ ነው ልዩነቱ። መቀስህን ዝጋና ወደ ብርሃን አንሳው። ሁለቱ ስለቶች መሐል ቀጭን ክፍተት ታያለህ፤ ትንሽ ጎበጥ ስለተደረጉ የሚነካኩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው። ስትቆርጥ ያ ነጥብ ከብሎኑ ተነስቶ እስከ ጫፉ ይጓዛል። የሐኪሙም መቀስ የሚቆርጠው እንዲሁ ነው። የሚለየው ቦታው ነው፤ ስለቱ፣ ፒኑና የሚስበው ዘንግ ሁሉ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ቱቦው ደግሞ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። የፒኑ ውፍረት የክብሪት እንጨት አያክልም።

ብሎንህ ሲላላ ጨርቁ በስለቶቹ መሐል ታጥፎ እንደሚታኘክ ታውቃለህ። እዚያ የሚታኘከው ሥጋ ነው። ሐኪሙ አልቆርጥ ሲለው ይጎትታል፤ የሚያደማውም መጎተቱ ነው። ስለዚህ «ደነዝ መቀስ ጉዳቱ ያንሳል» የሚል ሰው ካጋጠመህ አትስማው። በዚያ ላይ መሣሪያው ቆዳው ላይ ተደግፎ ስለሚዞር እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። እጀታው ጠጣር ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ምን እንደያዘ በጣቱ ማወቅ ያቅተዋል።

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ድሬዳዋ፦ ሁሉንም ክፍል ከ316 ስቴንለስ ስቲል ብንሠራውስ? እሱ አይዝግም።

ለቱቦው ጥሩ ነው፤ ለስለቱ አይሆንም። 304 እና 316 የሚባሉትን የስቴንለስ ዓይነቶች አግለህ ብትነክራቸው አይጠነክሩም፤ ስለታቸው ቶሎ ይታጠፋል። ስለት የሚሠራው እንደ 420 ካለው፣ በሙቀት ከሚጠነክረው ዓይነት ነው። ጉድለቱ ደግሞ ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ማነሱ ነው፤ ስለዚህ ከተሠራ በኋላ በናይትሪክ ወይም በሲትሪክ አሲድ ታክሞ ገጹ መጠበቅ አለበት። በጣም ካጠነከርከው ግን ይሸረፋል። የተጣመመ ስለት ከቱቦው ጋር ተመልሶ ይወጣል፤ የተሸረፈው ሆድ ውስጥ ቀርቶ በራጅ ይፈለጋል። እኔ ብነድፈው ከልክ በላይ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚሰበረውን ክፍል እጀታው ውስጥ አደርገው ነበር፤ ይሰበር ግን ውጭ ይሰበር።

ነርስ፣ ሐረር፦ አዲስ የገዛናቸው መሣሪያዎች ቡናማ ነጥብ አወጡ። ሻጩ አታሎን ይሆን?

እህቴ፣ ሻጩን ከመክሰስሽ በፊት በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋችኋቸው እንደሆነ ጠይቂ። ክሎሪን ስቴንለስን ይበላል፤ ጨዋማው የሕክምና ውኃም እንዲሁ። ነጥቡን በላጲስ እሺው። ከለቀቀና ከሥሩ ለስላሳ ከሆነ እድፍ ነው፤ ጉድጓድ ካለው ዝገት ነው፣ መሣሪያውን ለዪው። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ድንጋይ የማያውቅ የለም፤ ያው ድንጋይ መጋጠሚያው ውስጥም ይጋገራል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ የተጣራ ውኃ ይሁን።

እሷው፦ መብራት ሲጠፋ ማፍላት ይበቃል?

አይበቃም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት፤ ውኃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዳንድ የባክቴሪያ ዘሮች ደግሞ 100ንም ይችሉታል። የኦቶክሌቩንም፣ በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለውን ማሽን፣ ነገር ልንገርሽ። በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ ለማግኘት የግፊት መለኪያው ጌጅ በስኩዌር ኢንች 15 ፓውንድ ያሳያል፤ ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ብልጫ ስለሆነና የሐረር አየር ስስ ስለሆነ፣ እናንተ ጋር 18 ገደማ ያስፈልጋል። መመሪያው 15 ስላለ ብቻ 15 ላይ አትቁሙ፤ ሙቀቱን እዩ።

ነገር ግን ኦቶክሌቭ ቆሻሻን አያጥብም። አንድ ጊዜ የተጣለ መቀስ፣ ከየት እንደመጣ ይቅር፣ ቱቦውን በርዝመቱ ሰነጠቅሁት። ውጩ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ውስጡ ዘንጉ ላይ የደረቀ ደም እንደ ቀለም ተለጥፏል። ያጠበችው ልጅ ጥፋት አልነበረባትም፤ መሣሪያው አይፈታም፣ ውኃ የሚገፋበት ቀዳዳም የለውም። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ መሣሪያ ሲያሳዩኝ ስለቱን አላይም፣ «ፍቱልኝ» ነው የምለው።

ስሙን ያልጻፈ፦ በኤሌክትሪክ የሚቆርጠውስ?

ቱቦውን የሸፈነውን ፕላስቲክ ፈትሹ። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለው እሳቱ ካሜራው በማያየው በኩል ወጥቶ አንጀት ያቃጥላል፤ ሕመሙ የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። የሽፋን መፈተሻ መሣሪያ ካላችሁ በየአጠባው ተጠቀሙበት።

ተማሪው እንደገና፦ እዚሁ ድሬ ልንሠራው አንችልም?

ቶርኖ የሚያዞር እጅ አለን። ሰው ላይ የሚውል ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ይጠይቃል፤ የሕክምና መሣሪያን ጥራትና አደጋ የሚመለከቱትን ዓለም አቀፍ መስፈርቶች፣ አይኤስኦ 13485ን እና 14971ን፣ ቁጭ ብለህ ማንበብም አለብህ። እስከዚያው ሐኪሞች የሚለማመዱበትን ሣጥን ሥራ፤ ካሜራ፣ ሁለት ቀዳዳ፣ ውስጡ የሚላጥ መንደሪን። ለዚህ ማንም ፈቃድ አይጠይቅህም።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ የሆስፒታሉን መቀስ እኔ ልሞርደው?

አደራህን! በድንጋዩ ፍትጊያ ሲግል ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው፣ ያ ያልኩህ ጉብጠትም ይጠፋል። የቤቴን መቀስ ግን ቅዳሜ ሐረር ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ባለቤቴ ዶሮ ቆርጣበት ደንዟል።