ኤሲው አንዴ ይቀዘቅዛል፣ አንዴ ይሞቃል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መኪና ኤሲ ናቸው። ጠያቂዎቹ ደግሞ ጋዝ አስሞልተው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ሳይሻላቸው ሲቀር ነው የጻፉልኝ። ይሄ ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ አየሩ የሚሞቀው መቼ ነው? ቆማችሁ ነው ወይስ እየሄዳችሁ? ከተነሳችሁ ከስንት ደቂቃ በኋላ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኮሮላ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ከጅማ ስነሳ ኤሲው በረዶ ነው። ግቤ በረሃ ስወርድ፣ በጣም በምፈልገው ሰዓት፣ ሙቅ አየር ይለቃል። አጥፍቼ ትንሽ ካረፍኩ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቻለሁ።

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ መፍትሔ አለው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሞቅብህ ደህና ቦታ ፈልገህ ቁም። ሞተሩንም ኤሲውንም አታጥፋ።

መጀመሪያ እጅህን አየር መውጫው ላይ አድርግ። ነፋሱ ራሱ ከደከመ፣ ጨምረኸውም ካልበረታ፣ ከዳሽቦርዱ ኋላ ያለው፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኤቫፖሬተር በረዶ ይዟል ማለት ነው። ስታርፍ የሚመለስልህ በረዶው ስለሚቀልጥ ነው። የኤቫፖሬተሩን የሙቀት ሴንሰርና የመኪናውን የውስጥ አየር ፍልትሮ አስፈትሽ።

ነፋሱ እንደበረታ ከሞቀ ግን ኮፈኑን ክፈትና የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚያዞረውን ፓምፕ) ፊት ተመልከት። በዓይን ብቻ፣ እጅህን እንዳታስገባ። ችንጋው የሚያዞረው ፑሊ ሁሌም ይዞራል። ከፊቱ ያለው ሳህን ግን የሚዞረው የኮምፕሬሰሩ ክላች ሲይዝ ብቻ ነው። ሳህኑ ከቆመ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በመሞከሪያ መብራት ይሞክርልህ። ወደ ክላቹ መብራት የማይደርስ ከሆነ ሪሌውን (መብራቱን የሚያገናኝና የሚያቋርጠውን) ወይም የግፊት ስዊቹን ይፈትሽ። መብራት ደርሶ ሳህኑ ካልተነሳ ግን ችግሩ ክላቹ ራሱ ነው። ክላቹ በማግኔት ነው የሚይዘው። ጥቅል ሽቦው ሲግል የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ ማግኔቱም ይደክማል። ሳህኑ በዕድሜ ተበልቶ ክፍተቱ ከሰፋ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ይስበዋል፣ ሲግል ያቅተዋል።

ሰኮሩ ላይ እንዲህ ያለ መኪና አጋጥሞኝ ያውቃል። ሞተሩን አጥፍተን አየነው። የሞባይል ካርድ ሁለት ላይ አጥፌ በሳህኑና በፑሊው መካከል ብሰደው ያለ ምንም ትግል ገባ። ጤነኛው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሳህኑን ፈትተን ከሥሩ አንዲት ስስ ሮንዴላ አወጣንና መልሰን አሰርነው። ያ መኪና ግቤን እየቀዘቀዘ ተሻገረ። ጋዙን አልነካነውም።

ሳህኑ እየዞረ ከሞቀብህ ደግሞ እርጥበት ጠርጥር። ጋዙን የሞላልህ ሰው ቀድሞ ቫኪዩም አላደረገም፣ ማለትም ውስጡ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ አልሳበም ይሆናል። ወደ ውስጥ የገባው እርጥበት ጠባቧ የኤክስፓንሽን ቫልቭ ላይ ደርሶ በረዶ ይሆንና መንገዱን ይዘጋል። ሲቀልጥ ይከፈታል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጋዙ ይውጣ፣ እርጥበት የሚመጠው ድራየር ይቀየር፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቫኪዩም ይደረግ፣ ከዚያ ይሞላ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ። ስሄድ ትቀዘቅዛለች። ሐሙስ ገበያ መንገዱ ተጨናንቆ ስቆም ትሞቃለች። መምህርት ነኝ፣ ስለ መኪና ብዙም አላውቅም።

መልስ፦ መምህርት፣ ችግሩን ራስዎ ነግረውኛል። ሲሄዱ ነፋሱ ኮንደንሰሩን (ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የጋዙን ማቀዝቀዣ) ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆሙ ግን ያ ሥራ የፋኑ ነው። መኪናዋን አቁመው ኤሲውን ያብሩና አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ከፊት ያለው ፋን ካልተነሳ የፋኑ ሞተር፣ ሪሌው ወይም የተቃጠለ ሶኬት ነው። ፋኑ ከዞረ ደግሞ ኮንደንሰሩን ይዩት። በእኛ አካባቢ ጭቃና የቡና ገለፈት ስስ ክንፎቹ መሃል ገብቶ ይጋገራል። ላቫጆ ሲወስዷት ግን ኮንደንሰሩን በኃይለኛ ውሃ እንዳይመቱት ይንገሯቸው፤ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ አየርም አያሳልፉም። ለስላሳ ውሃ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የኤሲ ጋዝ በየዓመቱ መሞላት አለበት?

መልስ፦ የለበትም። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፣ እዚያው ይዞራል። በየጥቂት ወሩ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የዘይት ቅባት ፈልጉ። አብዝቶ መሙላትም ያሞቃል፤ ግፊቱ ሲያልፍ ስዊቹ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። ኮፈን ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ መጠኑ በግራም ተጽፏል። በሚዛን ይሞላ፣ በግምት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እየለመድኩ ነው። ቫኪዩም ሳደርግ መለኪያው 24 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ይቆማል። የተማርኩት 29 መድረስ አለበት ተብዬ ነው። ያፈሳል ማለት ነው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥሩ ነገር አስተውለሃል። 29 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ 24 ማለት ከሞላ ጎደል ሙሉው ነው። ፓምፑን አምነህ አቆየው። ከዚያ ቫልቮቹን ዝጋ፣ ፓምፑን አጥፋና ሃያ ደቂቃ ጠብቅ። ቀስቷ ካልተንቀሳቀሰች ደህና ነው። ትንሽ ወደ ዜሮ ተመልሳ ከቆመች ውስጡ እርጥበት አለ፣ እንደገና ሳብ። ሳትቆም ወደ ዜሮ ከሄደች ግን ያፈሳል፤ ቀዳዳውን ሳታገኝ ጋዝ እንዳትሞላ።