ጥለቱን ግድግዳ ላይ ወይስ በቪአር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት እየሠራ ራሱን በራሱ የሚቀያይር ኮድ ፒፋይቭ ጄኤስ በተባለው የጃቫስክሪፕት ሥዕል መሥሪያ ጽፈሻል። የጋራ ትርኢት ላይ አንድ ክፍል ተሰጥቶሻል። በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ልልቀቀው ወይስ ዓይን ላይ ታስሮ ሰውን ምስሉ ውስጥ የገባ የሚያስመስለውን የቪአር መነጽር ልዋስ ነው ያልሽው። በሁለቱም መንገድ ሥራ አሳይቻለሁና ሳላንገራግር ልመልስልሽ፦ ለዚህኛው ግድግዳውን ያዢ።

ቪአር መጥፎ ሆኖ አይደለም። በመጀመሪያ ወረፋውን አስቢው። ለአንድ ሰው 5 ደቂቃ ብትሰጪ በሰዓት 12 ሰው ነው። ማጥለቁ፣ ማስተካከሉ፣ መጥረጉ፣ «አሁን የቱን ልጫን?» ለሚለው ማስረዳቱ ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። የቀረው ሰው ቆሞ የሚያየው አንገቱን ወዲያና ወዲህ የሚያዞር ሰውዬ ነው። ጸጉሯን ተሠርታ የመጣች ሴት ደግሞ መነጽሩን ጭንቅላቷ ላይ ማሰር አትወድም፤ አልፈርድባትም።

ፍጥነቱም አለ። በሰከንድ 90 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) የሚያሳይ መነጽር ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ምስሉ ለግራና ለቀኝ ዓይን ለየብቻ መሣል አለበት። ላፕቶፕ ላይ ኮድሽ ትንሽ ቢንቀራፈፍ ማንም አያውቅብሽም። መነጽር ውስጥ ግን ተመልካቹን ያቅለሸልሸዋል።

ከሁሉ በላይ ጥለትሽ ጠፍጣፋ ነው። ቪአር ውስጥ ብታስገቢው አየር ላይ የተሰቀለ ፖስተር ነው የሚሆነው። ካናዳዊቷ ቻር ዴቪስ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳየችውን «ኦስሞስ» የተባለ ሥራ ፈልገሽ እዪ። ተመልካቹ ደረቱ ላይ ትንፋሹን የሚለካ መሣሪያ ያደርጋል። አየር ሲስብ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሲያስወጣ ይወርዳል፣ ጎንበስ ሲል አቅጣጫ ይይዛል። ይህን ግድግዳ ላይ ማሳየት አይቻልም። ሥራሽ እንዲህ ሰው ውስጡ ካልገባ የማይገባው ዓይነት ሲሆን ያኔ መነጽሩን አስቢ። ጃቫስክሪፕት ስለምትችዪ ትሪ ጄኤስ ወይም ኤ-ፍሬም በሚባሉት የቪአር ሥራ መሥሪያዎች ብትጀምሪ ብዙ አይከብድሽም፤ ብዙዎቹ መነጽሮች በራሳቸው ብራውዘር ይከፍቱታል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ፕሮጀክተር ጥቁር የለውም። ጥቁር ብለሽ የላክሽው ቦታ ግድግዳው ራሱ ያለው ቀለም ነው። ስለዚህ ክፍሉ ካልጨለመ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 3000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያለው ፕሮጀክተር 4 ሜትር በ2.25 ሜትር ምስል ላይ ሲበተን በካሬ ሜትር 330 ሉመን ገደማ ይደርሳል፤ የቢሮ መብራት ያህል ማለት ነው። ወርዱን 8 ሜትር ብታደርጊው ቁመቱም አብሮ ስለሚያድግ 83 ብቻ ይቀርሻል። «ትልቅ ይሁንልኝ» ብለሽ አትስገብገቢ።

ርቀቱንም ለኪ። ብዙዎቹ የተለመዱ ፕሮጀክተሮች ለ4 ሜትር ወርድ 6 ሜትር ያህል መራቅ ይፈልጋሉ። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ለአጭር ርቀት የተሠራውን ጠይቂ። የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳም ይጠላሻል፤ መሃሉ ላይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ይፈጥራል።

አንቺ ጋ ግን ሌላ ችግር ይታየኛል። የላክሽው ምስል ጀርባው ነጭ ነው። ነጭ ጀርባ በፕሮጀክተር ሲወጣ ክፍሉን ሁሉ ያበራና አራት ማዕዘኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የስብሰባ ስላይድ ይመስልብሻል። ጀርባውን ጥቁር አድርጊና ጥለቱ ብቻ ይብራ። ነጩን ጨርቁ ይስጥሽ! ከጣሪያ ላይ አቡጀዲ ወይም ስስ ሸማ አንጠልጥዪና እሱ ላይ ልቀቂው። ከኋላ የቆመም ሰው ያየዋል፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ። በድርና ማጉ መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ብርሃን ደግሞ ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ ጥለት ይጥላል። እኔ ብሆን ለዚያ ሁለተኛ ጥለት ስል ጨርቁን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል አርቀው ነበር። መስመሮችሽንም አወፍሪያቸው። ባለ አንድ ፒክስል መስመር ጨርቅ ላይ ይጠፋል።

ስለ ኮዱ አንድ ነገር። «ራንደም» የሚለው ትእዛዝ የሚዘል ቁጥር ይሰጥሻል፣ «ኖይዝ» የሚለው ደግሞ ቀስ እያለ የሚፈስ። ኖይዝን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ፐርሊን የፈጠረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኮምፒውተር ምስል ማሽን ማሽን ስለሸተተው ነው። ትልቅ ጨርቅ ላይ ዘለላው ዓይን ያደክማል፤ እንቅስቃሴውን በኖይዝ አድርጊው። ብዙም አታበላሺው ደግሞ። በ1968 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር መሥራት የጀመረችው ሠዓሊዋ ቬራ ሞልናር በሥርዓት የተደረደሩ ካሬዎችን ትንሽ ብቻ ነበር የምታናጋው። ሸማኔም ክር ቆጥሮ ነው ጥለት የሚያወጣው፤ ቆጠራው ከጠፋ ጥለቱም የለም።

ትርኢት ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ላፕቶፕሽ ላይ ግን ምናልባት ለአሥር ደቂቃ ነው የሞከርሽው። ኮድሽ ውስጥ ባለ ዝርዝር ላይ እየጨመርሽ የማትሰርዢው ነገር ካለ ከሰዓታት በኋላ ብራውዘሩ ይንቀራፈፋል። አንድ ሌሊት ክፍት አድርገሽ አሳድሪው። የራንደምና የኖይዝ መነሻ በሆኑት «ራንደምሲድ» እና «ኖይዝሲድ» ላይ የምትሰጪውን ቁጥር መዝግቢ፤ ያማረ ጥለት ሲወጣ መልሰሽ ታገኚዋለሽ። ማሳወቂያዎችን ሁሉ ዝጊ። የአንድ ልጅ ሥራ መሃል ላይ «የት ደረስክ?» የሚል የቴሌግራም መልእክት ሁለት ሜትር ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ያጨበጨበው ለእሱ ነው።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ፕሮጀክተሩ ግን ድርግም ይላል። አምፖል ያለው ዓይነት ከሆነ ማራገቢያው በድንገት መቆሙ አምፖሉን ይጎዳዋል። ቢያንስ ቀዝቅዞ እስኪጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ የሚባል መሣሪያ አብረሽ ተከራዪ። መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲበራ የሚያደርግ ምርጫም ብዙዎቹ ሜኑ ውስጥ አለ።

የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ የግድግዳውንም ፎቶ ትርኢቱ በሚካሄድበት ሰዓት አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት የትኛው ፕሮጀክተር እንደሚሆንሽ አብረን እናሰላዋለን።