«ውክልናው እኔ ጋ ነው» ይላል ወንድሜ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን ተራው የኔ ሆነ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። አባዬ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው። አዲስ አበባ አብረው የሠሩት ቤት አለ፣ ጓሮው ላይ ደግሞ እኔ የምኖርበት ሰርቪስ። ሦስት ልጆች ነን፤ ትልቁ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሁለተኛው እዚሁ። ኪራይ የሚሰበስበውም ወረዳ የሚመላለሰውም ሁለተኛው ስለሆነ እማዬ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታዋለች። ባለፈው ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ልብስ ልወስድላት ሳጥኗን ብከፍት፣ ከቤቱ ካርታ ጋር በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ገጽ ኑዛዜ አገኘሁ። ራፖር ጸሐፊ ጋ የተተየበ ነው። «ቤቱ ለሦስቱም፣ ሰርቪሱ ለመጨረሻ ልጄ» ይላል። የእሷ አሻራ፣ የእድራችን ዳኛና የአንዲት ጎረቤታችን ፊርማ አለበት። በቃ። ለወንድሜ ብነግረው «ውክልናው እኔ ጋ ነው፣ ምን አስጨነቀሽ?» አለኝ። እማዬን እንዳልጠይቃት «ሞቴን ትመኛለሽ እንዴ?» ብትለኝስ? ዝም ልበል?

የሰርቪሷ ልጅ

መልስ

እህቴ፣ ዝም አትበዪ።

መጀመሪያ ወንድምሽን እናረጋጋው። ውክልና የሚሠራው ሰጪው በሕይወት እስካለ ነው። እናትሽ (ዕድሜ ይስጣቸውና) ያረፉ ዕለት ውክልናውም አበቃ፣ ከዚያ በኋላ በእሱ ልፈርም ቢል ራሱ ላይ ጣጣ ነው የሚያመጣው። ዛሬም ቢሆን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥ ተብሎ ለይቶ መጻፍ አለበት። መናዘዝ ደግሞ ጭራሽ በተወካይ አይሆንም።

አሁን ወደ ነጠላው ውስጥ ወረቀት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ላለው ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። እናንተ ሁለት ነው ያላችሁ። ሁለት የሚበቃው ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ እያለ ከሆነ ነው፣ የእድር ዳኛ ደግሞ ሕጉ የሚለው ዳኛ አይደለም! ሌላም አለ። ኑዛዜው በተናዛዧና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ፣ መነበቡም ከነቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። «ተነበበ» የምትል ቃል ጎድላ ስንት ቤተሰብ ፍርድ ቤት ተጓተተ መሰለሽ። በንስሐ አባታቸው ፊት በቃል ቢናገሩስ እንዳትዪኝ፣ የቃል ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ አያወርስም። ያኔ 500 ብር ገንዘብ ነበር።

ማንም ያላነሳው ነገር ግን የአባትሽ ድርሻ ነው። ቤቱን በጋብቻ ውስጥ አብረው ከሠሩት ግማሹ የእሳቸው ነበር። እሳቸው ሳይናዘዙ ካረፉ ያ ግማሽ የእናንተ የሦስታችሁ ነው፤ በሕጋችን ሚስት ባሏን ያለ ኑዛዜ አትወርስም። ስለዚህ እናትሽ ሊናዘዙ የሚችሉት በራሳቸው ግማሽ ላይ ነው፣ ሰርቪሷም እንደዚያው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ካላወጣችሁ ከዚያ ጀምሩ። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ መምጣት ካልቻለ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይላክ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ በኩል ይረጋገጣል።

እማዬን እንዴት ታነጋግሪያቸው? ስለ ኑዛዜ አትጀምሪ። «የአባዬን ጉዳይ ሳንጨርስ ስድስት ዓመት ሆነን» በዪ፣ ቡና ላይ፣ ወንድምሽም ባለበት። የራሳቸውን ነገር እሳቸው ናቸው የሚያነሱት፣ ወረቀቱን ደብቀው ያስቀመጡት እኮ ስላሰቡበት ነው። ኑዛዜውን እንደ ሕጉ ላስጽፍ ብለሽ ብቻሽን ይዘሻቸው ውልና ማስረጃ እንዳትሄጂ፤ ነገ «አስገድዳ አስፈረመቻት» የሚል አይጠፋም። አንቺ ምስክርም ሆነ ጸሐፊ አትሁኚ። ከመሄዳችሁ በፊት መታወቂያቸው ጊዜው እንዳላለፈ እዪ፣ በዚያ ጉልበታቸው ተሰልፈው ደርሰው ለእሱ ብቻ እንዳይመለሱ።