ተቆጣጣሪው የቤተ ክርስቲያን ሂሳብ ሲጠይቅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። በእንግሊዝ አገር በአንዲት የሐበሾች ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ነኝ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሦስት ዓመት ሂሳባችንንና የሽማግሌዎች ቃለ ጉባኤ እንድንልክ ጽፎልናል። አንድ አባታችን «የእግዚአብሔር ቤት ለመንግሥት አይመረመርም፤ መልስ እንዳትሰጥ» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሂሳቡን ላክ። ወደ ቃለ ጉባኤው እመለሳለሁ።

የአባታችንን ፍርሃት ግን አትናቅባቸው። የእሳቸው ትውልድ «ምዝገባ» ሲባል የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በንጉሡ ዘመን እንድትመዘገብ አመልክታ ተከለከለች። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 የሚበልጡ አማኞች ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ተይዘው ታሰሩ። ደርግ ሲመጣ ብዙ ጸሎት ቤቶች ታሸጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው መንግሥት እጅ ነው ያለፉት። ይህን ያየ ሰው የመንግሥት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያኔ የተጠየቁት «ልትጸልዩ ማን ፈቀደላችሁ?» ተብለው ነው። አንተ የተጠየቅኸው እናቶች ከጽዳት ሥራ ደመወዛቸው ያወጡት አሥራት የት እንደ ገባ ነው። ይህንንማ መንግሥት ሳይጠይቀን እኛው ለጉባኤው መናገር ነበረብን! ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን መዋጮ ሲያደርስ ማንም ሳይከሰው አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱንም ሲናገር «በጌታ ፊት ብቻ ያይደለ ነገር ግን በሰው ፊት ደግሞ መልካም የሆነውን እናስባለንና» አለ (2ኛ ቆሮ. 8፥21)። ደግሞም ግብር ከፋይ አማኝ በሚሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ መንግሥት 25 ሳንቲም የሚጨምርበትን ሥርዓት የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በካዝናችሁ ውስጥ የሕዝብ ገንዘብ አለ። ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ጎረቤታችሁ ድርሻ አለበት።

አሁን ወደ ተቆጣጣሪው ሥልጣን ድንበር ልምጣ። የአገሩ የ2011 እ.ኤ.አ. የበጎ አድራጎት ሕግ ራሱ በአንቀጽ 20 ኮሚሽኑ፣ ማለትም ደብዳቤውን የጻፈላችሁ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ በድርጅቱ የውስጥ አስተዳደር በቀጥታ እንዳይገባ ይከለክለዋል። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ ፕሬስተን ዳውን የተባለውን የፕሊማውዝ ብሬዝረን (ከውጭው ሰው ተለይቶ የሚኖር የክርስቲያኖች ማኅበር) ጉባኤ አልመዘግብም አለ። ከተነሡት ነጥቦች ውስጥ የጌታ እራታቸው ለውጭ ሰው ዝግ መሆኑ፣ ከማኅበራቸው የወጡትን የሚይዙበት መንገድም ነበሩ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡት የመተዳደሪያ ሰነዳቸውን አሻሽለው ነው። በእኔ እይታ፣ የወጣ ሰው ከቤተሰቡ ተቆርጦ ይጎዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጌታ ማዕድ ማን ይቅረብ የሚለው ግን የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ እዚያ ላይ ቢመጡባችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

ቃለ ጉባኤው የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። የገንዘብ ውሳኔዎች ያሉበትን ስጥ። ነገር ግን በዚያው መዝገብ የአንድ ባልና ሚስት ጠብ ወይም የአንድ ወንድም ንስሐ ተጽፎ ከሆነ፣ ያ በአደራ የተነገረ ነገር ነው። ጠበቃ አማክሩ፤ የትኛውን ውሳኔ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኘው ስም ይሸፈን ዘንድ ለምኑ። ገጽ መቅደድ ወይም ቀን መቀየር ግን ፈጽሞ እንዳይታሰብ። በሕጉ ወንጀል ነው። ሐናንያና ሰጲራም የወደቁት ስለ ገንዘብ በዋሹበት ቦታ ነው።

ለአባታችንም ይህን አንብብላቸው፦ ሐዋርያት «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» ያሉት (ሐዋ. 5፥29) በሸንጎው ፊት ቆመው ነው። ሲጠሩ ቀርበዋል፤ ሲጠየቁ መልሰዋል። እምቢ ያሉት በኢየሱስ ስም አታስተምሩ ሲባሉ ነው። ደብዳቤውን ከእሳቸው ጋር ተቀምጠህ በአማርኛ ተርጉምላቸው፤ ጊዜው ካጠረባችሁ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ጠይቁ። ሂሳቡን ግን ከመላክህ በፊት በመጪው እሑድ ለጉባኤው አንብበው።