ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ተበላሽቷል የተባለ መኪና ይነዳል ወይ?

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው። 2005 ኮሮላ ነው፣ ቼክ ኢንጂን በርቷል። ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሚ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳትረግጪ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርድና አንዳንዴ ይጠፋል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክተው ፒ0101 የሚል የብልሽት ኮድ አነበቡና ኤር ፍሎው ሴንሰር፣ ማለት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካውን፣ ቀይሪ አሉሽ። ቅዳሜ ደግሞ አዳማ ሠርግ አለብሽ፣ በሱ ልሂድ ወይ ነው ጥያቄሽ።

በሱ አዳማ አትሂጂ። ከቤትሽ እስከ ጋራዥ፣ በቀን፣ ቀኝሽን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ከሆነ ይነዳል። ከዚያ ያለፈውን አልመክርም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ሞተሩ ይበላሻል ብሎ ነው። እሱም አለ፣ እመጣበታለሁ። ግን ያንቺ መኪና ዋና አደጋው መጥፋቱ ነው። ሞተር ሲጠፋ መሪው ወዲያው ይከብዳል። ፍሬኑን የሚያቀልልሽም ሞተሩ የሚፈጥረው ቫኪዩም ስለሆነ፣ ከጠፋ በኋላ አንድ ሁለቴ ስትረግጪ እንደወትሮው ይይዝልሽና ከዚያ ድንጋይ የረገጥሽ ያህል ይደርቃል። አይሠራም ማለት አይደለም፣ ይሠራል፣ ግን ባለ በሌለ ጉልበትሽ መርገጥ አለብሽ። ይሄ ፈጣን መንገድ ላይ ከኋላሽ የጭነት መኪና እየመጣ ቢሆን አስቢው። ደግሞ ወደ አዳማ ከመውረዱ መመለሱ ይብሳል። ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ወርደሽ ያንኑ ስትመለሺ ዳገት ነው፣ ዳገት ደግሞ የታመመ ኤር ፍሎው ጉዱ የሚወጣበት ቦታ ነው።

ጋራዥ ስትወስጂው መንገድ ላይ ከጠፋብሽ ፍሬኑን ደጋግመሽ አትምቺው፣ አንዴ ረግጠሽ ያዢው። አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ማርሹን ፎሌ አድርገሽ እንደገና አስነሺ። አልነሳም ካለ ጠርዝ ይዘሽ ቁሚ። መኪናው ሳይቆም ግን ቁልፉን እንዳትነቅዪ፣ መሪው ይቆለፋል። ቼክ ኢንጂኑ በርቶ ከመቆየት አልፎ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ደግሞ ጋራዥም አትድረሺበት፣ አቁመሽ አስጎትቺ። ያኔ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ማርሚታው እየሄደ ነው፣ ካታሊቲኩን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ያቀልጠዋል።

አሁን ወደ ሴንሰሩ። ቦታው ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወጥቶ ወደ ስሮትል (ነዳጅ ስትረግጪ ለአየሩ የሚከፈተው በር) በሚሄደው ቱቦ መነሻ ላይ ነው፣ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ ሶኬት ያለው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቀጭን ሽቦ አለ። የሚገባው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳስፈለገ አይቶ ኮምፒውተሩ ስንት ግራም አየር እንደገባ ያሰላል። ቤንዚኑን የሚረጨው በዚያ ልክ ነው፣ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ገደማ። ሽቦው ላይ አቧራ ከተጋገረ ቁጥሩ ይሳሳታል። ከዚያ ወይ ቤንዚን ያንሰዋል ወይ ይበዛበታል። ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ታያለሽ፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ እንዲህ ሆኖ ብዙ ጊዜ ከተነዳ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ አሽቺው፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለሽ ሴንሰሩን ብቻ ቀይሮ መሄድ አይበቃም፣ ዘይቱም ይቀየር።

ግን መርካቶ ሩጪና ግዢ አልልሽም። ፒ0101 ማለት «ከኤር ፍሎው የመጣው ቁጥር ከጠበቅኩት ጋር አልገጠመም» ማለት ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ኮዱ የሚነግርሽ ችግሩ የታየበትን ቦታ ነው። ብዙ ጋራዥ ኮድ አንብቦ ዕቃ ያዝዛል፣ እሱ የሚያናድደኝ ነገር ነው። ፒ0102፣ ማለት ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት በጣም ዝቅ ብሏል የሚለው ኮድ፣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሶኬትና ሽቦ እይ እል ነበር። ላንቺ ግን መጀመሪያ ቱቦውን።

የእኔ ኮሮላ ልክ ያንቺ ዓይነት ጠባይ ነበረው። ሴንሰሩ ምንም አልነበረበትም። ከሴንሰሩ ወደ ስሮትል የሚሄደው ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ እጥፋቱ ውስጥ ከሥር በኩል ተሰንጥቋል። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ፈትቶ እጥፋቱን በእጅ ለጠጥ ሲያደርጉት ነው አፉን የሚከፍተው። በዚያ ስንጥቅ የሚገባው አየር በሴንሰሩ አያልፍም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ ቤንዚን አይጨምርለትም፣ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። ፊልትሮ ተቀይሮ ወይም ተነፍቶ ሳጥኑ በደንብ ካልተዘጋ፣ ወይም የቱቦው ማሰሪያ ሳይጠብቅ ከቀረ ያው ነው። ፊልትሮሽን መቼ እንደነካሽው አስታውሺ።

ብሉቱዝ ያለው ትንሽዬ ኦቢዲ ማንበቢያ (መኪናው ላይ ተሰክቶ ኮምፒውተሩን የሚያነብ) ያለው ሰው ካወቅሽ ተዋሺ፣ ስልክ ላይ ያሳይሻል። ፊውል ትሪም የሚለውን ተመልከቺ፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት በመቶ እንደጨመረ (ፕላስ) ወይም እንደቀነሰ (ማይነስ) የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቁጥሩ ፕላስ 20 ምናምን ሆኖ፣ ነዳጅ ሰጥተሽ 2,500 ዙር ላይ ስትይዢው ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከጨመረ፣ ያኔ የቆሸሸ ኤር ፍሎው ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ጠርጥሪ። ዩቲዩብ ላይ «ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ይሄን ያህል ግራም ማሳየት አለበት» የሚሉትን ቁጥር ግን እንዳለ አትውሰጂ። እነሱ ባሕር ጠለል አካባቢ ናቸው፣ አዲስ አበባ አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ጤነኛ ሴንሰርም እዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ።

ሶኬቱን ነቅሎ መንዳት የሚባለው ነገር ለመፈተሻ ጥሩ ነው። ሞተሩን አጥፍተሽ ነቅለሽ አስነሺ። ሶኬቱ ተነቅሎ መኪናው ከተሻለው ሴንሰሩ ውሸት ሲያወራ ነበር ማለት ነው። ለመንገድ ግን አይሆንም፣ ያኔ ኮምፒውተሩ በሞተሩ ዙርና በስሮትሉ መከፈት ብቻ እየገመተ ነው የሚሠራው። ግምቱ ያስኬዳል፣ አያዛልቅም።

ቱቦው ደህና ከሆነ ማጠብ ነው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ቁልፉ ይነቀል። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትተሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። የኤር ፍሎው ማጠቢያ ተብሎ የሚሸጥ ስፕሬይ አለ፣ በሱ ሽቦውን ከትንሽ ርቀት ደጋግመሽ እርጪው። በቤንዚን አይታጠብም፣ በካርቦሬተር ማጠቢያም፣ በፍሬን ማጠቢያም አይታጠብም። በጥጥ ወይም በጥርስ ብሩሽ አትንኪው። ከሁሉም በላይ ጎሚስታ ቤት ወስደሽ በኮምፕሬሰር እንዳታስነፊው፣ ስንት ጤነኛ ሴንሰር በዚህ ሲሞት አይቻለሁ፣ ሽቦው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። በራሱ ሙልጭ ብሎ ይድረቅ፣ ከዚያ መልሺው። የወረቀት ፊልትሮውንም በዚያው አዲስ አድርጊ፣ ተነፍቶ ተነፍቶ የሳሳ ፊልትሮ አቧራ ያሳልፋል፣ አቧራው ደግሞ ተመልሶ ሽቦው ላይ ነው የሚያርፈው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ካልተስተካከለ ያኔ ግዢ። አሮጌውን ፈትተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ላዩ ላይ ቁጥር አለ፣ የቶዮታ ከሆነ 22204 ብሎ ይጀምራል። መልኩ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የተለየ አትቀበዪ፣ ሶኬቱ ቢገባም የሚሰጠው ንባብ ሊለይ ይችላል። በእኔ አስተያየት ከአዲስ ኮፒ ይልቅ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ይሻላል፣ ብቻ «ካልሠራ እመልሳለሁ» ተባብለሽ ግዢ፣ ሽቦውንም ብርሃን ላይ አይተሽ። ለጓደኛዬ መኪና የተገዛው አዲስ ኮፒ ከተበላሸው የባሰ ነበር፣ ፕላስቲኩ እያንጸባረቀ።

ከተቀየረ ወይም ከታጠበ በኋላ ኮዱ ይጥፋ፣ ከዚያ መኪናውን ሰፈር ውስጥ ለጥቂት ቀን ንጂው፣ ዳገትም አስወጪው፣ ትሪሙን ድጋሚ እዪ። በፕላስም በማይነስም 10 ውስጥ ከገባ አልቋል። ለቅዳሜ ግን አይደርስም ብዬ እገምታለሁ፣ ከሠርገኞቹ ጋር ተጫኚ። ቱቦውን ስትፈቺው ፎቶ አንስተሽ ለጥፊው፣ እጥፋቱን ለጠጥ አድርገሽ ይሁን።