መልስ፦ ፖስትካርዱ ላይ ያለው አደባባይ ሲዬና ነው

ሰላም ወንድሜ። «ረጅም ግንብ ያለው ማዘጋጃ ቤት፣ ፊቱ እንደ ዛጎል የተዘረጋ አደባባይ፤ የት ነው? ስንት ዓመቱ ነው?» ብለሃል። ቦታው ጣሊያን፣ ቶስካና ውስጥ ያለችው ሲዬና ነው። ሕንፃው ፓላጾ ፑብሊኮ ይባላል። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1297 ነው። የከተማው አስተዳደር እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አደባባዩን ደህና አድርገህ እየው። ነጫጭ መስመሮቹ ወለሉን ዘጠኝ ቦታ ይከፍሉታል። ያኔ ከተማዋን ይመራ የነበረው፣ ዘጠኝ ሰዎች የሚያስተዳድሩት የዘጠኞቹ መንግሥት ምልክት ነው። መንግሥቱ በ1355 ወደቀ፤ ቁጥሩ ግን እስካሁን ሰው ይረግጠዋል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ለፖስትካርዱ ዕድሜ ጀርባውን ገልብጥ። ቴምብሩ ላይ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ካለ፣ ከ1900 እስከ 1946 ባለው ጊዜ የታተመ ቴምብር ነው። ማኅተሙ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ካየህ ደግሞ እሰየው! ፋሺስቶቹ ከኦክቶበር 1922 መጨረሻ ጀምሮ የቆጠሩት ዓመት ነው። ለምሳሌ XII (12) ከሆነ፣ ከኦክቶበር 1933 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 1934 ማለት ነው።

ቴምብሩን ግን በፍጹም እንዳትልጠው። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ካርዱን ከነቴምብሩ ከነማኅተሙ ነው።