ከውድድር በፊት አእምሮና ሰውነት፦ ጥያቄና መልስ

አሰልጣኝ፦ ጠይቁ። ርቀታችሁን ግን ጻፉ፤ ለ5 ሺህ ሜትር የሚሆነው ለማራቶን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ማራቶን ነው፣ ሁለት ሳምንት ቀረኝ። ሙሉ በሙሉ ልረፍ?

መልስ፦ አትረፍ። የሳምንቱን ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንስ፣ ፍጥነቱን ግን አትንካ። ፍጥነት ያቋረጠ ሯጭ በዕለቱ እግሩ ይከብደዋል።

ጥያቄ፦ ምን ልብላ?

መልስ፦ ርቀት ጻፉ ብያለሁ! ከ90 ደቂቃ በላይ የምትሮጥ ከሆነ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትህ በቀን ከ8 እስከ 12 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። ሚዛን ላይ ኪሎ ብትጨምር አትደንግጥ፤ ግላይኮጅን (ሰውነት ካርቦሃይድሬትን የሚያከማችበት መልክ) ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ውሃ ይዞ ነው። ለአጭር ርቀት ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ፣ 10 ሺህ ሜትር በመም ላይ ነው የምሮጠው። መነሻው ላይ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። ያ አድሬናሊን ነው፤ ልታጠፊው አትታገዪ። «ፈራሁ» ከማለት «ሰውነቴ ተዘጋጅቷል» በዪ። ከበዛብሽ 4 ሰከንድ አየር አስገቢ፣ 6 ሰከንድ አስወጪ፤ ለሁለት ደቂቃ ያህል። ዋናው ሥራ ግን ቀድሞ ባሉት ቀናት ነው። ወረቀት ላይ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» እያልሽ ጻፊ፦ «የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ካቀድኩት በ5 ሰከንድ ከፈጠነ ወዲያው እቀንሳለሁ። ትከሻዬ ከተወጠረ እጄን ወደ ታች አራግፋለሁ። ቡድኑ ካመለጠኝ ክፍተቱን በአንድ ዙር ሳይሆን በሦስት ዙር እዘጋለሁ።» ከዚያ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሩጫውን እንደ ተመልካች ሳይሆን ከራስሽ ዓይን እዪው። ሕመሙንም ጨምረሽ! የድሉን መስመር ብቻ የሚያስብ ሯጭ 7ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲያመው የሚያደርገው ይጠፋዋል።

አንድ አባል፦ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ጡንቻን በደንብ ማሳሳብ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ቆሞ ማሳሳብ እኮ ጉልበት ይቀንሳል።

አንድ አባል፦ እኔ ሁሌም አሳስባለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም።

አሰልጣኝ፦ በቃ። ረጅም ማሳሳብ ከሩጫ በኋላ ይደረግ። ከሩጫ በፊት 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ጉልበት ማንሳት፣ ከዚያ 4 ጊዜ 80 ሜትር ፍጥነት እየጨመሩ መሮጥ። መነሻው 10 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ጨርሱ፤ ቀድማችሁ ከጨረሳችሁ ሰውነታችሁ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ ካፌይንስ?

መልስ፦ በኪሎ ክብደትህ 3 ሚሊ ግራም፣ አንድ ሰዓት ሲቀር። በልምምድ ካልሞከርከው ተወው።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ያመኛል፣ ልወዳደር?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለጭንቀት ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብቡ እንጂ!

ጥያቄ፦ ማራቶን ላይ ጉልበት ሳለ መጀመሪያ ፈጥኖ ጊዜ ማትረፍ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ኬንያዊው የማራቶን ሯጭ ኬልቪን ኪፕተም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ላይ 2:00:35 ሲገባ የመጀመሪያውን ግማሽ በ1:00:48፣ ሁለተኛውን በ59:47 ነው የሮጠው። ቀድመህ መፍጠንህ ግላይኮጅንህን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ መጀመሪያ ያተረፍከውን ሴኮንድ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ በደቂቃ ትከፍላለህ። የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች «ዘገየሁ» እስክትል ድረስ ፍጥነትህን ገትተህ ሩጥ።